የማዶው ሰው

ስልኬ ውስጥ አንድ ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ የሚሄድ ቅጂ አለ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ከብቸና ወረድ ብሎ ባለው የእናቴ አገር፣ በአያቴ በእምዬ ተዝካር ዕለት የቀዳሁት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ስልክ ቀይሬያለሁ፤ በቀየርሁ ቁጥር ከፎቶውም ከስልክ ቁጥሩም አስቀድሜ ወደ አዲሱ የማሻግረው እሱን ነው። የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ የዳስ ጫጫታ ብቻ ነው። ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ማዕድ ቀርቧል፣ ጠላ ቀጂዎቹ "ያዙ፣ እንካችሁ" ይላሉ፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ውሻ ይባረራል። ከዚያ የእምዬ ታናሽ ወንድም፣ የአያ ድምፅ ይመጣል።

"በል እንግዲህ ቁጭ በል። ቆመህ ልትውል ነው?"

ቁጭ በል የተባለው የማዶው ሰው ነው። ድምፁን በቅርብ ስሰማ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ታሪኩን ግን አፌን ከፈታሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

እኛ ቤት ስሙ አይጠራም። ከቤታችን ፊት ለፊት ትንሽ ወንዝ አለ፤ በበጋ ልጅ ዘሎ ይሻገረዋል፣ ክረምት ላይ በሬ ይወስዳል። ከወንዙ ባሻገር ባለው ተረተር ላይ የሱ ቤት ይታያል፤ ጠዋት ጠዋት ጭሱ ሲወጣ እናያለን። "የማዶው" ከተባለ እሱ ነው። ክረምት ማታ እሳት ዳር ንፍሮ ይዘን ስንቀመጥ አያ የሚነግረን ታሪክ አንድ ነበር። በ1960 ዓ.ም. አገሬው ግብር አልከፍልም ብሎ ሸፈተ፣ ጦር መጣ፣ የማዶው ነጭ ለባሽ ሆኖ ከጦሩ ጋር መጣ፣ ቤታችንን አቃጠለ። ሁልጊዜ "አቃጠለ" ላይ ያበቃል። እኔና የአክስቴ ልጆች ወንዝ ስንወርድ ከማዶ ልጆች ጋር አብረን ውኃ አንቀዳም። እነሱ ብቅ ሲሉ እንስራችን ባይሞላም አዝለን እንነሣለን። እንዲህ አድርጉ ብሎ ያዘዘን ማንም የለም።

ኋላ ታሪክ ተምሬ፣ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ሆኜ፣ ያ ዓመት ምን እንደነበር አነበብሁት። ጎጃም ርስተኛ አገር ነው። መሬት ያንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ የአቅኚው አባት ዘር ነኝ የሚል ሁሉ፣ በእናቱም በአባቱም ቆጥሮ፣ ድርሻዬን ብሎ ይሟገትበታል። ገበሬው ሰባት ስምንት ትውልድ ወደ ላይ የሚቆጥረው ለወግ ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ የሚያርሰው መሬት ያለው እዚያ ቆጠራ ውስጥ ነው። ስለዚህ "መሬት ይለካ" የምትል ቃል በጎጃም ጆሮ ሌላ ናት። በደቡቡ ክፍል መሬት በቀላድ፣ በመለኪያ ገመድ፣ ከተለካ በኋላ ስንቱ ባለ መሬት ጢሰኛ ሆኖ እንደቀረ ነጋዴውም ወታደሩም እየመጣ አውርቷል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የመሬት ግብር ሲያወጡም ጎጃም እንቢ ብሎ ነበር።

በ1960 ደግሞ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ መጣ። አስራቱ ይቅርና እያንዳንዱ ገበሬ ያገኘው ምርት ተገምቶ በዚያ ልክ ይክፈል የሚል ነው። ወረቀቱን ላነበበው ክፉ አዋጅ አይመስልም፤ ብዙ ያለው ብዙ ይከፍላል። ገበሬው ግን ያየው ገማቹን ነው። ከፖሊስ ጋር ማሳው ዳር የሚቆመውን፣ ጉቦ የሚጠብቀውን፣ ነገ ደግሞ ገመድ ይዞ ይመለሳል ብሎ የጠረጠረውን ሰው ነው ያየው። በዚያ ላይ ጠመንጃህን አስመዝግብ ተብሏል፤ ጠመንጃው አባቱ ጣሊያንን የተዋጋበት ነው። ሞጣ ተነሣ፣ ብቸና ተነሣ፣ ዳሞት ተነሣ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን መንደር ደበደበ፣ ሰውም ከብትም አለቀ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ለገበሬው ቀረለት።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ሳስተምር ግን የማዶው ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ የት ቦታ ላይ እንደቆመ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። እሱን የያዘችው "ነጭ ለባሽ" የምትል አንዲት ቃል ናት። ነጭ ለባሽ ማለት ወታደር ያልሆነ፣ ከገበሬው መሐል ተመልምሎ የራሱን ጋቢ እንደለበሰ ለመንግሥት የሚዘምት ነው። ማሳው ከማሳህ ጋር የሚዋሰን ሰው ነው።

እምዬ በመስከረም ማብቂያ ዐረፈች። ዕድሜዋን አጥርቶ የሚያውቅ የለም፤ "ጣሊያን ሲገባ ጡት ላይ ነበርሁ" ትል ነበር። ተዝካሯ የዋለው ክፉ ሰሞን ላይ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከተያዙ ብዙም አልቆየ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፣ ዳሱ ውስጥ ወጣቱ ሁሉ የሚያወራው ስለ መዝመት ነው። የአክስቴ ልጅ ሊሄድ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። እናቱ ወጥ ስትጨልፍ እጇ ይንቀጠቀጣል።

የማዶው ሰው አንድ እንስራ ጠላ በልጅ ልጃቸው አሸክመው ዳሱ በር ላይ ቆሙ። ለቀብሯም መጥተው ከሩቅ ቆመው ተመልሰዋል ይባላል። ከዚህ በኋላ "እሳቸው" እያልሁ ነው የምጽፈው። እኛ ቤት "እሱ" ነበሩ። ያን ቀን ፊታቸውን አይቼ፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ዘንጋቸውን ተደግፈው የሚገቡበትን ሲያጡ አይቼ፣ "እሱ" ማለት አልሆነልኝም። ዳሱ ጸጥ አለ። ያኔ ነው አያ ቁጭ በል ያላቸው።

መጀመሪያ ስለ ጤፍ ነበር የተጫወቱት። አጨዳው ደርሷል፣ ዝናቡ በጊዜው አልወጣም፣ ነጩ ወድቆበታል፣ ቀዩ ይሻላል፣ የወንፈል ሰው ጠፍቷል፣ ልጆቹ ሁሉ ሊዘምቱ ነው። ሁለት ሽማግሌ፣ መሐላቸው አንድ ሞሰብ። ከዚያ አያ ወደኔ በአገጩ ጠቆመ።

"ይቺ የኅቴ የልጅ ልጅ ናት። አስተማሪ ናት፤ ታሪክ ነው የምታስተምር። ንገራት እስቲ።"

"ምኑን?"

"ያንን።"

እዚህ ላይ ቅጂው ውስጥ ማንም አይናገርም። ቡና ሲወቀጥ ይሰማል። እኔ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ስልኩም እንደሚቀዳ ለሁለቱም ነግሬ፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

"እኔ ለመንግሥት ብዬ አይደለም የተሰለፍሁት ልጄ" አሉ የማዶው ሰው። "አባቴና የነሱ አባት በርስት ተሟግተው እኛ ተረታን። ብቸና ድረስ ሦስት ዓመት ተመላለስን። አባቴ ሁለት በሬ ሸጠ፣ ገንዘቡን ነገረ ፈጅ በላው። ኋላ 'ከጦሩ ጋር የቆመ ርስቱ ይመለስለታል' ሲሉን ቆምሁ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ግብሩ ስንት ነው፣ ለምን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልስ አልነበረኝም።"

"ቤቱንስ?" አለ አያ።

"ቤቱን የለኮስሁት እኔ አይደለሁም።" ትንሽ ቆዩ። "ክብሪቱ ግን የኔ ነው። አንዱ ወታደር 'ክብሪት ያለው አለ?' አለ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።"

"አውቃለሁ" አለ አያ።

"ታውቃለህ?"

"ከገደሉ አፋፍ፣ ከወይራው ሥር ተኝቼ አይ ነበር። እጅህን ወደ ኪስህ ስትሰድ አይቻለሁ። የለኮሰው ረጅም ወታደር ነው፣ ግራኝ ነበር።"

"ታዲያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እኔ አቃጠልሁት ስትል የኖርህ?"

"የወታደሩን ስም አላውቀውም። አንተን አውቅሃለሁ።"

ይህን ቃል ስንት ጊዜ መልሼ እንደሰማሁት ቁጥር የለውም። አያ ሲናገረው ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ይቅርታም የለም፤ የመሬት ድንበር እንደሚያሳይ ሰው ነው የተናገረው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ታሪካችን የጎደለ ነገር ያለው አይመስለኝም ነበር። ልጅ ሆኜ ያየሁት ጭስ፣ ግማሽ እንስራ ውኃ አዝዬ የወጣሁት ዳገት፣ ሁሉም በአንዲት "አቃጠለ" ላይ የቆመ ነበር። አዋጁን ያወጣው አዲስ አበባ ነው፣ ጦሩን ያዘዘው ሌላ ነው፣ የለኮሰው ረጅም ወታደር ከየት መጥቶ የት እንደገባ አይታወቅም። ከሁሉም ውስጥ ጭሱ የሚታየን የአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ሸክሙን ሁሉ እሱ ተሸከመ።

የማዶው ሰው ግን ዝም ብለው አልተነሡም። "አንተስ?" አሉ። "የኔን ልጅ ስም ማን ጠራው?"

ይህን ታሪክ ደግሞ እኛ ቤት ማንም ነግሮን አያውቅም።

በ1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ አያ "በስልሳ የሸፈተ ነው" ተብሎ ሊቀመንበር ተመረጠ። ፊደል አልቆጠረም፤ ማኅተሙን ጸሐፊው ይይዝለታል፣ እሱ በጣቱ ይፈርማል። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፣ ከዚያ በየጊዜው ኮታ መጣ። ከዚህ ቀበሌ ይህን ያህል ወጣት አቅርቡ ይባላል፤ አንዳንዱ ጫካ ይገባል፣ አንዳንዱ ሌሊት ከመኝታው ይታፈሳል፣ ቀሪውን ሊቀመንበሩ ስም ይጠራል። አያ የማዶውን ሰው ልጅ ስም ጠራ።

"ጠራሁ" አለ ቅጂው ውስጥ። "የኅቴንም ልጅ ጠራሁ እኮ። ያንተን ብቻ ጠርቼ የሷን ብተው በምን ዓይኔ ወንዝ እወርዳለሁ?"

የማዶው ሰው ልጅ በ1983፣ ሠራዊቱ ሲበተን፣ እግሩን እየጎተተ በዱላ መጣ። የእምዬ ልጅ፣ አጎቴ፣ አልመጣም። እምዬ እስክትሞት ድረስ ቤት ውስጥ አንድ ሽንጣም ጋቢ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አንዳችንም አንነካውም። ወንድሟ መሆኑን፣ ስሙን የጠራው አያ መሆኑን ታውቅ ነበር? ታውቅ ነበር። አብራው ቡና ስትጠጣ ነው የኖረች።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ስልኩን እዚያው ትቼው ነው። እንጀራ የምትጋግር አንዲት ሽማግሌ ነበረች፣ የእምዬ ማኅበርተኛ። ምን ሲያወሩ እንደነበር ነገርኋት። ምጣዱን እያሰሰች ሳትዞር መለሰችልኝ።

"እነሱ ስለ ቤቱ ያወራሉ። ቤቱ ሲቃጠል ሴትዮዋ ወዴት ነበረች ብለሽ ጠይቂያቸዋል?"

አልጠየቅሁም ነበር። አሳፈረኝ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ታሪክ ስማርና ሳስተምር አያቴ ያን ሌሊት የት እንዳደረች ጠይቄ አላውቅም።

ሴትዮዋ ነገረችኝ። እምዬ ያን ቀን ማታ፣ የመንፈቅ አራስ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ወንዙን ተሻገረች። ወንዶቹ ሁሉ ገደል ገብተዋል፤ ወደ ላይ ጦር አለ፤ ወደ ማዶ ብቻ ነው መንገድ ያለው። የማዶው ሰው እናት በሩን ከፈተችላት። ጓዳ ውስጥ፣ ከጎታው ጀርባ፣ ጤፍ ገለባ ላይ ሦስት ሳምንት ደበቀቻት። ልጇ ማታ ጠመንጃውን አንግቶ ይመጣል፣ እራቱን ይበላል፣ ጦሩ ወዳለበት ይመለሳል። እምዬ ከጎታው ጀርባ ልጇ እንዳያለቅስ ጡቷን አፉ ውስጥ አድርጋ ትቀመጣለች። "አፉ" ያልሁት ሴትዮዋ እንደነገረችኝ ነው፤ ልጁ ሴት ነበረች። እናቴ ናት።

እዚያው ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልሁ። ጭሱ ዓይኔን ለበለበው ብላችሁ እመኑኝ፤ ሴትዮዋም እንደዚያ ብላ አለፈችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በ1989 የመሬት ድልድል ሲመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ገመዱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከሲባጎ የወፈረ፣ በየመሐሉ ቋጠሮ ያለው ገመድ ነው። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይዘረጋል፣ ሦስተኛው ይቆጥራል፣ ኮሚቴው ይጽፋል፣ ልጆች ከኋላ ከኋላ እንሮጣለን። አያ ድንበሩ ላይ ካለው ግራር ሥር ቆሞ በዘንጉ መሬቱን ይወጋል። በስልሳ ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት፣ ይመጣል ተብሎ የተፈራው ገመድ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ሌላ መንግሥት ይዞት መጣ። በደርግ ጊዜ ሊቀመንበር ወይም ሹመኛ የነበረ "ቢሮክራሲ" ተባለ፣ በንጉሡ ጊዜ ሹም የነበረ "የፊውዳል ቅሪት" ተባለ። ለነሱ የሚተውላቸው ቢበዛ አራት ጥማድ፣ አንድ ሄክታር ነው፤ ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር ይፈቀድለታል። ፊደል ያልቆጠረው አያ ቢሮክራሲ ሆነ። ዛሬም ቃሏን አጥርቶ ይጠራታል፤ ከአፉ ስትወጣ የሰው ስም ትመስላለች። ከተቆረሰው መሬቱ ላይ ሁለት ጥማዱ እግሩን ለሚጎትተው ለማዶው ሰው ልጅ ደረሰው።

ያን ሰሞን እምዬ ብቅል ስትፈጭ ወፍጮው ላይ ተደፍታ እንዲህ ትል ነበር፦

ገመድ ዘርግታችሁ መሬቱን ለካችሁ፣
የኔን ሐዘን ማነው የሚለካላችሁ።

"ለካችሁ" ያለችው ኮሚቴውን ነው ብዬ ነበር የማስበው። ከተዝካሩ በኋላ ግን ወንድሟንም ይሆን እላለሁ፤ ልጇን ስም ጠርቶ የሰጠባትን፣ መሬቱ ሲቆረስ ደግሞ አብራው የተቀመጠችውን። ምናልባት የማዶውንም። እምዬ ቅኔ ቤት አልገባችም፤ ጎጃም ውስጥ ግን ቅኔው ከቤቱ ውጭም ይሰማል፣ ወፍጮ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ደቦ ላይ። ግጥሙ ማንን እንደነካ የተነካው ያውቀዋል።

ከተዝካሩ ከተመለስሁ በኋላ ክፍል ውስጥ የምሰጠውን የቤት ሥራ ቀየርሁ። ድሮ "ስለ 1960 ዓ.ም. የገበሬዎች አመፅ አያታችሁን ጠይቁ" ነበር የምለው። ልጆቹ አያታቸውን፣ ወንዱን፣ ይጠይቃሉ፤ ሁሉም አርበኛ፣ ሁሉም የተበደለ ሆኖ ይመጣል። አሁን "ሴቷን አያታችሁን ጠይቁ፤ ያን ሌሊት የት አደሩ በሏቸው። ሁለተኛ፣ እናንተ ቤት ስሙ የማይጠራ ሰው ካለ ስሙን ጠይቁ" እላለሁ። የሚመጣው ወረቀት ሌላ ነው። አንዷ አያቷ ዘር እህል ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ ጉድጓዱ ላይ ምጥ እንደያዛት ጻፈች። አንዱ ልጅ ባዶ ወረቀት አመጣ፤ "ጠየቅሁ፣ አለቀሱ፣ ተውኋቸው" አለኝ። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

በላይ ዘለቀን ሳስተምርም እንደዚያው ነው። ለብቸና ልጅ በላይን ማስተማር አይቻልም፤ እሱ ነው የሚያስተምርህ። ጣሊያንን አምስት ዓመት እንደተዋጋ፣ ለተከታዮቹ ማዕረግ ሲሰጥ "አንተን ማን ሾመህ?" ሲሉት "እኔን እናቴ በላይ ብላ ሾማኛለች" አለ እየተባለ የሚነገረውን፣ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ መጠራቱን፣ ሁሉንም ያውቁታል። በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ እንደተሰቀለም ያውቃሉ፤ እዚህ ላይ ክፍሉ ውስጥ ጥርስ ይነከሳል። ከዚያ ያን ዕለት አብሮት የተሰቀለው ማሞ ኃይሉ መሆኑን እነግራቸዋለሁ። የራስ ኃይሉ ልጅ ነው፤ በጣሊያን ዘመን ከበላይ ጋር በተቃራኒ ወገን የነበረ። አርበኛውና ባንዳው አንድ እስር ቤት፣ አንድ መስቀያ።

አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን ሳያወጣ ተናገረ። "ቲቸር፣ ይኼን ለምን ትነግሪናለሽ?"

በላይን ያሳነስሁበት መስሎት ተቆጥቶ ነው። በላይ አያንስም አልሁት። ግን ያ ቀን ሲነገር ሁለቱም ገመዶች አብረው መነገር አለባቸው፤ አንዱን ብቻ ከነገርሁህ ሌላኛው እናት ቤት ውስጥ የሚነገረውን ታሪክ መቼም አትሰማውም። ልጁ አልተዋጠለትም። ደወሉ ሲደወል ደብተሩን ይዞ ወጣ። በኋላ መጥቶ እናቱ በኩል አንድ ቅድመ አያቱ ባንዳ ነበሩ መባሉን ነገረኝ፤ በሹክሹክታ ነው የነገረኝ፣ ሰማንያ ዓመት አልፎት።

ያ ልጅ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ የኛ ነገር የምታውቁት ነው። ክልሉ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ተከፈተ፣ ተከፍቶ ተዘጋ። መንገዱ መቼ እንደሚያስኬድ ማንም አይነግርህም። እኔ የምፈራው የሚሞተውን ብቻ አይደለም። በየተረተሩ፣ በየወንዙ ማዶ፣ አሁን ስሙ መጠራት ያቆመ ሰው አለ። አንዱ እህል ሰጥቷል ተብሎ፣ አንዱ መንገድ መርቷል ተብሎ፣ አንዱ ከቀበሌ ጋር ታይቷል ተብሎ። ክብሪት የጠየቀው ሰው ስሙ ሳይታወቅ ይሄዳል፤ ሰጪው ግን ጎረቤት ነው፣ ይቀራል። እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያንን ይወቀውና ልጆቹን እሳት ዳር ሰብስቦ ከመናገሩ በፊት አንድ ቀን ይታገሥ፣ ወንዙን ተሻግሮ ይጠይቅ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ለመሻገር ሃምሳ አራት ዓመት ከፈጀባቸው ሰዎች ቤት ነው የወጣሁት።

የማዶው ሰው በ2016 ዐረፉ። ወሬው የደረሰኝ ከተቀበሩ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ ያን ሰሞን መኪና አልነበረም። አያ ግን ሄዷል። ወንዙን በሰው ትከሻ ተደግፎ ተሻግሮ፣ አስከሬኑ አጠገብ ቆሞ ስማቸውን ጠርቶ አለቀሰ አሉኝ። ስማቸውን ከአያ አፍ የሰማ ሰው ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

የቅጂውን መጨረሻ ነው ደጋግሜ የምሰማው። ከጓዳ ተመልሼ ምንጣፉ ላይ ስቀመጥ ይሰማል፤ ነጠላዬ ስልኩን ሲነካው ሻካራ ድምፅ አለ። ከዚያ የኔ ድምፅ፣ ልጅ ልጅ የሚል፣ "አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?" ይላል። እሳቸውም አንቺ ብለውኝ እኔም ተለሳልሼ፣ ጓዳ የሰማሁትን ነገርኋቸው። እናትዎ እምዬን ደብቀዋት ነበር አሉ፤ ያውቁ ነበር ወይ አልኋቸው።

አያ "ምን?" ሲል ይሰማል። አያ አያውቅም ነበር። ኅቱ ሃምሳ አራት ዓመት አልነገረችውም።

የማዶው ሰው ቶሎ አልመለሱም። ሲኒው ረከቦት ላይ ሲቀመጥ ይሰማል።

"እናቴ ብቻዋን ነበረች የምትኖር" አሉ። "ባሏ ሞቷል፣ እኔ ጦሩ ጋ ነኝ። ያን ሰሞን ማታ ስመጣ ሌማቱ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ነበር። አንድ ቀን እራት ስበላ ከጎታው ወዲያ ልጅ ጡት ሲስብ ሰማሁ።"

"እና?"

"እና አሳልሁ። ጮክ ብዬ አሳልሁ፣ እናቴ እንዳልሰማሁ ታስብ ብዬ። ከዚያ ወዲያ ስመጣ ሁልጊዜ ከሩቁ፣ ከበረቱ ጀምሬ ነበር እያሳልሁ የምመጣ።"

ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማንም አይናገርም። ውጭ ካህናቱ ሊሄዱ በቅሎ ሲጫን ይሰማል። በመጨረሻ የአያ ድምፅ፣ ቡና ለምታፈላው ልጅ፦

"ቅጂለት። ያንን ሲኒ ለቅልቀሽ ቅጂለት።"